ከደሴ ኮምቦልቻ በክረምት፦ ሰማዩን ትታችሁ ተራራውን እዩ

ዝናቡ አባርቷል፤ ጦሳ ተራራ ላይ ተኝቶ የነበረው ደመና ተገልጧል፤ ረዳቱ «ኮምቦልቻ! የሞላ! አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። ሰው የሚሳሳተው እዚች ሰዓት ላይ ነው። ቀና ብሎ ሰማዩን ያይና «ተመስገን፣ ጠራ» ብሎ ይሳፈራል። ናዳ ግን የመሬት ጉዳይ ነው። ሦስት አራት ቀን ውሃ ሲጠጣ የሰነበተ አፈር ዝናቡ ካቆመ ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ ይለቃል።

ይህ መመሪያ በሐረጎ ተራራ በኩል በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ለሚመላለስ፣ ወደ ኩታበር ወይም ወደ ጉጉፍቱ ለሚወጣ፣ ወደ ገራዶም በእግሩ ለሚወርድ ሰው ነው። ደረጃዎቹን በተራ ያዙ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት የዘለለ ሰው ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ይጨንቀዋል።

ደረጃ 1፦ ዝናቡን በጣሳ ለኩ

ጉዞው ከመድረሱ ሦስት ቀን አስቀድማችሁ ጀምሩ።

1. ከላይም ከታችም እኩል ስፋት ያለው፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ ጣሳ ፈልጉ። የቲማቲም ድልህ ጣሳ ይበቃል። ጆግና ብርጭቆ አይሆኑም፤ አፋቸው ስለሚሰፋ ያሳስታሉ።
2. ከቤት ክዳንና ከዛፍ ራቅ አድርጋችሁ ገላጣ ቦታ አስቀምጡ። ነፋስ እንዳይገለብጠው ዙሪያውን በድንጋይ ደግፉ።
3. በየቀኑ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የተማሪ ማስመሪያ አስገብታችሁ የውሃውን ከፍታ በሚሊ ሜትር አንብቡ። ማስመሪያው ከጫፉ ላይ ዜሮ ካልጀመረ ያንን ትርፍ ደምሩበት።
4. ጻፉ። ከዚያ ድፉት። መድፋት የረሳ ሰው በማግስቱ የሁለት ቀን ዝናብ እንደ አንድ ቀን ይቆጥራል።

1 ሚሊ ሜትር ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ ማለት ነው። ጣሳችሁ 30 ካነበበ፣ አንድ የእህል አውድማ የሚያህል ቦታ ላይ ስንት ጀሪካን እንደፈሰሰ አስቡት። በረዶ ወርዶ ከሆነ እስኪቀልጥ ጠብቃችሁ ለኩ።

የሦስቱን ቀን ድምር ተመልከቱ። ከደረቅ ሳምንት በኋላ የመጣ የአንድ ሌሊት ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ አፈሩ ውስጥ ሰርጎ ይቀራል። ያው ዝናብ ከሦስት ርጥብ ቀን በኋላ ሲመጣ ግን መግቢያ ያጣል። በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት በውሃ ሲሞላ ውሃው ቅንጣቶቹን እየገፋ ያላላቸዋል፤ የአፈሩም ክብደት ይጨምራል። ከሥር ውሃ የማያሳልፍ አለት ወይም ሸክላ ካለ መንሸራተቻ ይሆናል። ደሴ ዙሪያ ያለው ተዳፋት ብዙው ከላይ ካለው ገደል እየተፈረካከሰ የወረደ ድንጋይና አፈር የተከመረበት ነው። አንዴ የወረደ ክምር ደግሞ ለመውረድ አዲስ አይደለም።

የእኔ ደንብ ይህ ነው፦ ሦስት ቀን ተከታትሎ ዘንቦ በአራተኛው ሌሊት ደግሞ የቤቱን ቆርቆሮ የሚደበድብ ዝናብ ከጣለ፣ ጉዞው ቀብር ወይም ሕመም ካልሆነ አንድ ቀን ይቆያል። እናንተ የራሳችሁን ደንብ አውጡ፤ ግን መናኸሪያ ሳትደርሱ፣ ቤት ሳላችሁ አውጡት። ቦርሳ ተሸክሞ ወረፋ ላይ የቆመ ሰው ለራሱ ምክንያት አያጣም።

ደረጃ 2፦ ደውላችሁ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቁ

«መንገዱ ሰላም ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ወሎ ውስጥ የዚህ ጥያቄ መልስ አንድ ነው፤ «ሰላም ነው፣ አልሐምዱሊላህ።» ሰውየው አልዋሸም፤ ሰላምታ መሰለው። በዚያው ቀን መንገዱን ያለፈ ሰው ፈልጋችሁ እነዚህን አራቱን ጠይቁ፦

- ስንት ሰዓት ላይ አለፍክ?
- አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ወይም ጭቃ አየህ? የት ቦታ?
- ጭጋጉ ከየት ጀምሮ የት ያልቃል?
- ከዳር ያለው ቦይ ውሃ እያሳለፈ ነው ወይስ ውሃው አስፋልቱ ላይ ይሄዳል?

አራተኛውን ማንም አይጠይቅም፤ ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው። የተደፈነ ቦይ ውሃውን ወደ አስፋልቱ ጠርዝ ይመልሰዋል፤ ጠርዙ ከሥር ይቦረቦራል፤ ከላይ ሲታይ ግን መንገዱ ደህና ይመስላል።

መልሱ ከሦስት ሰዓት በላይ የቆየ ከሆነና ከዚያ ወዲህ ዘንቦ ከሆነ እንደሌለ ቁጠሩት። ሌላ ሰው ላይ ደውሉ።

ደረጃ 3፦ ሰዓት ምረጡ

በሐምሌና በነሐሴ ማለዳ ላይ ሐረጎ ብዙ ጊዜ በጭጋግ ይሸፈናል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዝናቡ ይመጣል። በሁለቱ መካከል ያለችው ጠባብ ሰዓት ከረፋዱ 3 እስከ 6 ሰዓት ያለችው ናት። ለቀጠሮ እንድትደርሱ ብላችሁ በ12 ሰዓት አትነሡ፤ ቀጠሮውን ግፉት። ማታ ከሆነ አትነሡ፤ በጨለማ ስንጥቅ አይታይም፣ ድንጋይም የሚታየው መብራት ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።

ደረጃ 4፦ መኪናውንና ቦርሳችሁን እዩ

ተሳፋሪም ብትሆኑ መኪናውን መዞር ነውር አይደለም። ሦስት ነገር ብቻ ተመልከቱ፦ የጎማው ጥርስ አልቆ እንደሆነ፣ የዝናብ መጥረጊያው ይሠራ እንደሆነ፣ ጣሪያው ላይ የተጫነው ከመጠን በላይ እንደሆነ። አንዱ ከጎደለ የሚቀጥለውን ጠብቁ። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ሃያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። ቁልቁለቱ ያለቀ ጎማ አይምርም።

ቦርሳ ውስጥ፦ የተሞላ ስልክ፣ ባትሪ፣ አንድ ሊትር ውሃ፣ ቆሎ ወይም ዳቦ፣ ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ፣ ዝናብ የማያስገባ ላስቲክ። መንገዱ ተዘግቶ እዚያው ማደር ይመጣል። ጫማችሁ ጭቃ የሚይዝ ይሁን። ነጠላ ጫማ አድርጋችሁ በናዳ ክምር ላይ አትሻገሩም።

ደረጃ 5፦ ጭጋግ ውስጥ

የምትነዱ ከሆነ፦

1. ጭጋጉ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ፍጥነት ቀንሱ። ከገባችሁ በኋላ በድንገት ፍሬን መያዝ ከኋላ ያለውን ሲኖትራክ ላያችሁ ላይ መጥራት ነው።
2. አጭሩን መብራት አብሩ። ረጅሙ መብራት ጭጋጉ ላይ ነጥሮ ወደ ዓይናችሁ ይመለሳል፤ ነጭ ግድግዳ ይሆንባችኋል።
3. ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ውረዱ። ዳገቱን በወጣችሁበት ማርሽ መውረድ የድሮ ሹፌሮች ደንብ ነው፤ አሁንም ይሠራል። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ዜሮ አድርጎ የሚለቅ ሹፌር ሙሉ ክብደቱን ፍሬኑ ላይ ጣለው ማለት ነው።
4. በየኩርባው ክላክስ ንፉ። የሚመልስላችሁ ካለ ጠብቁ።
5. የፊት ለፊቱ መኪና የኋላ መብራት እየመራኝ ነው ብላችሁ አትከተሉት። እሱ ከገባበት ትገባላችሁ።

የተቃጠለ ሽታ ከሸተታችሁ ፍሬኑ ግሏል። ሰፊና ሜዳማ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ፤ ታኮ አድርጉ፤ ሽታው ጠፍቶ ጎማው እስኪበርድ ጠብቁ። ውሃ አትድፉበት፤ የጋለ ብረት ሊሰነጠቅ ይችላል። ምንም የማይታይ ከሆነ ከመንገዱ ሙሉ በሙሉ ውጡና አራቱንም ፍሬቻ አብሩ። ግማሽ ጎማ አስፋልት ላይ ጥሎ መቆም ከመንዳት ይብሳል።

የምትሳፈሩ ከሆነ ዝም አትበሉ። መጮህና መሳደብ ግን ሹፌሩን እልህ ያስይዘዋል። በዕድሜ የገፉ አንድ ተሳፋሪ «ልጄ፣ እኛ አንቸኩልም፣ አንተም አትቸኩልብን» ሲሉ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው «እውነት ነው» ብሎ ሲደግፋቸው ሰምቻለሁ። ሹፌሩ ቀነሰ። እናንተ ወጣቶች ከሆናችሁ ደግሞ «ጋሼ፣ እባክዎ ትንሽ ቀስ ይበሉልን» በቂ ነው። ካልሰማ «ወራጅ አለ»። የከፈላችሁት ሂሳብ ይቅር።

ደረጃ 6፦ ተራራውን አንብቡ

በመስኮት በኩል ሆናችሁ ወይም በእግር ስትሄዱ የሚከተሉትን ፈልጉ። አንዱን ካያችሁ ፍጠኑና ከሥፍራው ውጡ፤ ሁለት በአንድ ቦታ ካያችሁ አትለፉበት።

- ተዳፋቱ ላይ እንደ ቀስት የጎበጠ አዲስ ስንጥቅ። አሮጌ ስንጥቅ ውስጡ ሣር ያበቅላል፣ ጠርዙም ይዶለዱማል፤ አዲሱ ጠርዙ ስለታም ነው፣ ውስጡም ባዶ አፈር ነው።
- የተዘመመ የመብራት እንጨት ወይም በአንድ አቅጣጫ ያጋደሉ ባሕር ዛፎች። ከሥራቸው ጎብጠው ወደ ላይ የቀኑ ዛፎች መሬቱ ለብዙ ዓመት ቀስ እያለ እንደሚሄድ ይናገራሉ፤ ግንዳቸው ቀጥ ያለ ዛፎች በሙሉ ያጋደሉበት ቦታ ግን የዛሬ ነገር ነው።
- ትናንት ያልነበረ ምንጭ፣ ወይም ጥርት ያለ የነበረ ምንጭ ድንገት ሲደፈርስ።
- ሆዱ የተነፋ የድንጋይ ካብ ወይም ጋቢዮን (በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ)። ከጀርባው የታቆረ ውሃ እየገፋው ነው።
- አስፋልቱ ላይ ከገደሉ ወገን በርዝመቱ የሄደ ስንጥቅ፣ በተለይ አንደኛው ጎኑ ዝቅ ያለ ከሆነ። በዚያ በኩል አትሂዱ፣ አታቁሙም።
- ተቆርጦ በቆመው ግድግዳ ሥር አዲስ የተበተነ ጠጠር። ትልቁ ከመምጣቱ በፊት ትንንሾቹ ይቀድማሉ።
- ዝናብ እየዘነበ የጅረቱ ውሃ በድንገት ሲቀንስ። ይህ ከሁሉም ይከፋል። ላይ ናዳ ወርዶ ውሃውን ገድቦታል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ግድቡ ሲሰበር ውሃውም ጭቃውም ዛፉም አንድ ላይ ይመጣል። ወዲያው ከጅረቱ መንገድ ወጥታችሁ ወደ ጎን፣ ወደ ከፍታ ሂዱ።

ድምፅም ስሙ። የዛፍ ሥር ሲበጠስ ይንጣጣል፤ ድንጋይ ሲጋጭ ይሰማል፤ ከሩቅ የሚመጣ ጭቃ እንደ ከባድ መኪና ያጓራል። በጆሮ ማዳመጫ ዘፈን እያዳመጡ ወደ ገራዶ መውረድ በክረምት አይሆንም።

ደሴ ዘመድ ቤት ከተዳፋት ሥር የምታድሩ ከሆነም ቤቱን እዩት፦ ትናንት የሚዘጋ በር ዛሬ እምቢ ካለ፣ ግድግዳው ላይ አዲስ ስንጥቅ በሰያፍ ከሄደ፣ እንግድነት ነው ብላችሁ ዝም አትበሉ። ለባለቤቱ ተናግራችሁ ሌላ ቦታ እደሩ።

ደረጃ 7፦ መንገዱ ተዘግቶ ሲቆም

እዚህ ላይ እኔም ተሳስቻለሁ። አንድ ነሐሴ ላይ ቁልቁለቱ መሃል ናዳ ወርዶ ቆምን። ዝናብ ስለነበር አሥር የምንሆን ሰዎች ከመኪና ወርደን ከተቆረጠው ግድግዳ ሥር፣ ትንሽ ወጣ ያለ ድንጋይ ነበር፣ እሱን ተጠለልን። ጥቂት ቆይቶ ጭንቅላት የሚያህል ድንጋይ በመካከላችን አለፈ። ማንንም አልነካም። ዝናብ ያስጠለለን ቦታ ናዳ የሚወርድበት ዋናው ቦታ እንደሆነ ከእኛ አንድም ሰው አላሰበም ነበር።

ስለዚህ፦

1. ሹፌሩ ካለበት ወደ ኋላ እንዲመለስ ጠይቁ። ናዳው ካለበት ዘሎ የሚቀጥለውም ተዳፋት ያው አፈር ነው፤ ሰልፍ ይዞ ከሥሩ መቆም ዒላማ መሆን ነው።
2. መዞር ካልተቻለ ውረዱና ከመኪናው ጋር አትቆዩ። ከተቆረጠው ግድግዳም ከገደሉ ጠርዝም ራቁ። ቀና ስትሉ ከላያችሁ ተዳፋት የሌለበት ወይም አለቱ ጠንካራ የሆነበት ጉብታ ፈልጉ። ሸለቆና የውሃ መውረጃ ውስጥ አትቁሙ።
3. መኪናው የእጅ ፍሬኑ ተይዞ፣ ታኮ ተደርጎ፣ አራቱም ፍሬቻ በርቶ ይቆይ። ከኋላ ለሚመጣ ምልክት የሚሰጥ አንድ ሰው ከኩርባው ወዲያ ሂዶ ይቁም።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ክምሩን በእግር ተሻግሮ ከወዲያ ማዶ ሌላ መኪና መያዝ ነው። የእኔ ምክር መጠበቅ ነው። የግድ ከሆነ ግን እንዲህ አድርጉ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቆማችሁ ክምሩን እዩ፤ አሁንም ጠጠር እየተንከባለለ ወይም ጭቃ እየፈሰሰ ከሆነ አይታለፍም። አንድ ሰው ላዩን ብቻ የሚያይ ዘብ ይቁም፤ «ሩጡ!» ሲል ወዴት እንደሚሮጥ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ከዚያ አንድ በአንድ ተሻገሩ፤ አንዱ ማዶ ሳይደርስ ሌላው አይነሣም። የበረዶ ናዳ ባለባቸው አገሮች ተራራ ተጓዦች አደገኛ ተዳፋት የሚሻገሩት እንዲህ ነው። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ከሥሩ እንዳይገኝ ነው። እዚህ ግን እየተጠራራን፣ ተያይዘን፣ ሻንጣ እየተቀባበልን በአንድ ላይ መሄድ እንወዳለን፤ ክምሩ መካከል ቆሞ ፎቶ የሚያነሣም አይጠፋም። ልጅ ያዘለች እናት ካለች መጀመሪያ እሷ ትለፍ፤ ሻንጣዋን ሌላ ሰው በኋላ ያምጣላት።

ናዳው ሲወርድ ካያችሁት ወደ ታች አትሩጡ፣ አትቀድሙትም። ከመንገዱ ወደ ጎን ሩጡ። ማምለጥ ካልቻላችሁ ተኮማትራችሁ ራሳችሁን በክንዳችሁ ሸፍኑ።

ደረጃ 8፦ ሰው ከተቀበረ

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነውን አስታውሱ። በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ሌላ ናዳ ወረደበት፤ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ጎረቤቱን ለማዳን የሮጠ ሰው ጥፋት የለበትም። ዘብ ሳይቆም መቆፈር ግን ቁጥሩን ይጨምራል።

1. ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትን ቦታ በእንጨት ወይም በጨርቅ ምልክት አድርጉበት። ከዚያ ቦታ ወደ ታች ያለውን ፈልጉ።
2. ሁለት ዘብ አቁሙ፣ አንዱ ከቀኝ አንዱ ከግራ። ሥራቸው ማየትና መጮህ ብቻ ነው።
3. 907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 991 ለፖሊስ ደውሉ። ኔትወርክ ከሌለ አንድ ሰው ወደ ከፍታ ይላክ።
4. ጥቂት ሰው ይቆፍር፤ የቀረው ራቅ ብሎ በተራ ይቀያየር። በየጊዜው ሁሉም ዝም ብሎ ድምፅ ያዳምጥ።
5. ወደ ሰውነቱ ስትቃረቡ ዶማውን ጣሉ፣ በእጅ ጫሩ። መጀመሪያ ፊቱን ግለጡ፤ አፉንና አፍንጫውን ከጭቃ አጽዱ፤ ከዚያ ደረቱን። በእጁ ወይም በእግሩ ይዛችሁ አትጎትቱ።
6. ካወጣችሁት በኋላ ጋቢ አልብሱት። ርጥብ ጭቃ ሙቀት ይመጥጣል፤ ደሴ አካባቢ ነሐሴም ብርድ ነው።

ደረጃ 9፦ ጉጉፍቱ ላይ በረዶ ሲጥል

ይህ ለደጋው ተጓዥ ነው። በረዶው አስፋልት ላይ ሲከመር ጎማ ባቄላ ፍሬ ላይ እንደወጣ ይንሸራተታል። ቁሙ። ፍሬን ረግጣችሁ ሳይሆን ነዳጁን ለቅቃችሁ በማርሽ ቀንሱ፤ መሪውን በድንገት አትጠምዝዙ። በእግር ከሆናችሁ ዛፍ ሥር አትጠለሉ፤ በረዶና መብረቅ አብረው ይመጣሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ደግሞ ውርጭ አለ። በስንጥቅ ውስጥ ያለ ውሃ ሌሊት ረግቶ ድንጋዩን ይገፋዋል፤ ፀሐይ ሲመታው ይለቀዋል። የበጋ ድንጋይ የሚወርደው እንዲህ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ባለበት ረፋድ።

ደረጃ 10፦ ኮምቦልቻ ስትገቡ

ቁልቁለቱ ሲያልቅ ሰው ይተነፍሳል፤ ሆኖም ከላይ የዘነበው ውሃ የሚወርደው እዚሁ ሜዳ ላይ ነው። ኮምቦልቻ ጠብታ ሳይጥል የቦርከና ወንዝና ገባሮቹ ሊሞሉ ይችላሉ። አስፋልት ላይ የሚሮጥ ውሃ 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አዋቂን ሰው ይጥላል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፤ 60 ሴንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ባጃጅ ከነዚህ ሁሉ ቀድማ ትሄዳለች። ውሃው ከደፈረሰ ከሥሩ መንገዱ ይኑር ይቦርቦር አይታይም፤ የፊተኛው መኪና ስላለፈ እናንተም ታልፋላችሁ ማለት አይደለም። ድልድዩ ላይ ቆማችሁም አትዩ። ደራሽ ቶሎ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜም ቶሎ ይጎድላል፤ ሻይ ቤት ገብታችሁ ጠብቁት።

ከደረሳችሁ በኋላ ደሴ ለቀረው፣ ነገ ለሚነሣው ዘመድ ደውሉ። «ደህና ገባሁ» ብላችሁ አትዝጉ፤ ስንት ሰዓት እንዳለፋችሁ፣ ድንጋዩን የት እንዳያችሁ፣ ጭጋጉ የት እንዳለቀ፣ ቦዩ ውሃ ያሳልፍ እንደሆነ ንገሩት።